«ሾተላይ» እና የደም ዓይነት፤ በቈየው ስያሜና በዛሬው ዕውቀት መካከል

በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ አንዲት ሴት ፅንሱ እየጨነገፈባት፥ ወይም የወለደቻቸው ልጆች ሳያድጉ ተከታትለው እየሞቱባት ስትቸገር፥ ነገሩ «ሾተላይ» ይባላል። ቃሉ የደዌው ስም ብቻ አይደለም፤ ደዌውን ያመጣል ተብሎ የሚታመነው የርኩስ መንፈስም ስም ነው። ሴቲቱም «ሾተላይ አለባት» ትባላለች። ከጥቂት ዐሥርታት ወዲህ ደግሞ ይኸው ቃል ወደ ሐኪም ቤት ገብቶ አዲስ ትርጕም ይዟል። ሐኪሞችና አዋላጆች የእናትና የፅንስ ደም አለመስማማትን፥ ይኸውም አርኤች በተባለው የደም ምልክት ልዩነት የሚመጣውን ደዌ፥ ለሕዝብ ሲያስረዱ «ሾተላይ» ይሉታል። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ የቈየው ስምና አዲሱ ዕውቀት የት እንደሚገናኙና የት እንደሚለያዩ መመርመር ነው። ጥያቄው የቃላት ጥያቄ ብቻ እንዳይመስል፤ በዚህ ስም ምክንያት ትዳራቸው የፈረሰ ሴቶች አሉ፥ ስሙ ያለ ልክ ሲሰፋም ሆነ ያለ ልክ ሲጠብ ሊድን ይችል የነበረ ልጅ ይሞታል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሾተላይ በባህላዊው አስተሳሰብ ውስጥ ብቻውን የቆመ መንፈስ አይደለም። በግዕዝ በተጻፉት የጸሎት ክታቦች ውስጥ ሕፃናትን የምትገድለው ወርዝልያ ትገኛለች፤ ቅዱስ ሱስንዮስም ልጁን ስለ ገደለችበት በፈረስ ተቀምጦ፥ ጦሩን ይዞ ተከታትሎ እንደ ገደላት ይተረካል። እርጉዝ ሴትና አራስ በሚይዙት የብራና ጥቅል ላይ ተደጋግመው ከሚጻፉት ጸሎቶች አንዱ ይህ ጸሎተ ሱስንዮስ ነው። ጥቅሉ ብዙ ጊዜ በባለቤቲቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃል፤ ከራስ ጠጕሯ እስከ እግር ጥፍሯ ይጠብቃት ዘንድ ነው። ታሪኩም በኢትዮጵያ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በግሪኮች፥ በቅብጦችና በስላቭ ሕዝቦች ዘንድ ቅዱሱ ሲሲኒዮስ በሚል ስም ሕፃናት ገዳይ የሆነችን ሴት መንፈስ ሲያሳድድ ይገኛል። የመከራው ምልክት በተጸውዖ ስም ላይም ይታያል። ካሳ፥ ምትኩ፥ ተካ፥ ማስረሻ የሚባሉት ስሞች ብዙ ጊዜ የሞተ ልጅ ወይም የሞተ ዘመድ ተተኪነትን ያመለክታሉ፤ ቢያድግልኝ የሚለው ስም ግን የወላጅን ስጋት ሳይሸሽግ ይናገራል። የአንድ ቤተ ሰብ የልጆች ስም በተራ ቢጻፍ፥ በአፍ የማይነገረውን የሞት ቍጥር ስሞቹ ሊገልጹ ይችላሉ።

ከሾተላይ ታሪኮች መካከል አንዱ ዓይነት በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። በዚህ ዓይነቱ ታሪክ የበኵር ልጅ ደኅና ተወልዶ ያድጋል፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ግን አንዱ ቢጫ ሆኖ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል፥ ሌላው ሞቶ ይወለዳል፥ የሚቀጥለውም ወሩን ሳይሞላ ይቀራል። መከራው በተወለደ ቍጥር እየባሰ ይሄዳል። ይህን ሥርዐት ያስተዋሉት ያለ ማይክሮስኮፕና ያለ መዝገብ ልጆቻቸውን በቀበሩ ሰዎች ቢሆኑም፥ ምልከታው ትክክል ነው።

የአውሮፓም ሕክምና በዚህ ረገድ ለብዙ ዘመን ከዚህ ርቆ አልሄደም ነበር። በ1609 የፓሪስ አዋላጅ ሉዊዝ ቡርዧ ስለ መንታ ልጆች ስትጽፍ፥ አንዱ ሰውነቱ በውሃ አብጦ ወዲያው እንደ ሞተ፥ ሌላውም ቢጫ ሆኖ ከጥቂት ቀን በኋላ እንደ ተከተለው ገልጻለች። ሁለቱ ልጆች በአንድ ማሕፀን አድረው በአንድ ቀን የተወለዱ ሆነው ሳለ፥ ከእርሷ በኋላ የመጡት ሐኪሞች እብጠቱን አንድ ደዌ፥ ቢጫነቱን ሌላ ደዌ፥ የደም ማነሱንም ሦስተኛ ደዌ አድርገው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ለየብቻ ሲያጠኑ ኖሩ። ሦስቱ የአንድ ደዌ መልኮች መሆናቸውን አሜሪካዊው ሐኪም ሉዊስ ዳይመንድና ሁለት ባልደረቦቹ ያሳዩት በ1932 ነው። እንግዲህ አውሮፓውያን አንዱን ደዌ በሦስት ስም ሲከፍሉት፥ አማርኛ ብዙውን ደዌ በአንድ ስም ሰበሰበው ማለት ይቻላል። በአማርኛም ቢሆን ክፍፍሉ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ቢጫ ሆኖ የሞተው ሕፃን «የወፍ በሽታ» ያዘው ሊባል ይችላል፥ ሞቶ የተወለደው ግን ለሾተላይ ይተዋል። ከስም አወጣጥ አንጻር ሁለቱም ወገን ከእውነቱ እኩል ርቀት ላይ ቆመው ነበር።

መልሱ የመጣው ከደም ጥናት ነው። ካርል ላንድስታይነር በቪየና የአንዱን ሰው ቀይ የደም ሕዋሳት ከሌላው ሰው የደም ውሃ ጋር ሲያደባልቅ፥ አንዳንዱ እየተጣበቀ እንደሚጓጕል አንዳንዱም እንደማይጓጕል ተመልክቶ ውጤቱን በ1901 አሳተመ። ምክንያቱም በቀይ ሕዋሳት ገጽ ላይ ኤ እና ቢ የተባሉ ምልክቶች በመኖራቸው ነው። ኤ ብቻ ያለው ሰው ደሙ ኤ ይባላል፤ ቢ ብቻ ያለው ቢ፥ ሁለቱም ያሉት ኤቢ፥ አንዱም የሌለው ኦ። ሰው በራሱ ሕዋስ ላይ የሌለውን ምልክት የሚቃወም ነገር በደሙ ውሃ ውስጥ ይዞ ይገኛል። ተቃዋሚው ነገር አንቲቦዲ፥ ምልክቱም አንቲጅን ይባላል። በ1919 ሉድቪክና ሐና ሂርሽፌልድ የተባሉ ባልና ሚስት በተሰሎንቄ ግንባር ከልዩ ልዩ ሕዝብ የመጡ ስምንት ሺህ ያህል ሰዎችን መርምረው፥ የኤ መጠን ከምዕራብ አውሮፓ ወደ ሕንድ አቅጣጫ እየቀነሰ የቢ መጠን እየጨመረ እንደሚሄድ አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ የደም ዓይነት የሕዝቦችን ታሪክ ለሚመረምሩ ሰዎች መሣሪያ ሆነ። አንዳንዶች ከልክ አልፈው የዘር መለያ ሊያደርጉት ሞክረዋል፤ ይሁን እንጂ ከጥቂቶች በስተቀር እያንዳንዱ ሕዝብ ሁሉንም ዓይነት በልዩ ልዩ መጠን ይዞ ስለሚገኝ፥ የአንድን ሰው ደም አይቶ የየትኛው ሕዝብ ልጅ መሆኑን መናገር አይቻልም።

ወደ ሕፃናቱ ሞት ስንመለስ፥ በ1938 ሩት ዳሮው የተባለች፥ የራሷን ልጅ በዚሁ ደዌ ያጣች የቺካጎ ሐኪም፥ የእናቲቱ ሰውነት በፅንሱ ደም ውስጥ ያለውን አንድ ነገር እንደ እንግዳ ቈጥሮ እየተዋጋ መሆን አለበት የሚል አሳብ አቀረበች። ያ ነገር ምን እንደ ሆነ ግን አላወቀችም። በተከታዩ ዓመት ፊሊፕ ሌቪንና ሩፉስ ስቴትሰን በኒው ዮርክ የሞተ ፅንስ የወለደችን አንዲት ሴት ታሪክ አሳተሙ። ሴቲቱ ደሟ ኦ ነበር፤ የባሏም ኦ ነበር፤ ስለዚህ የእርሱ ደም ተሰጣት። ነገር ግን ደሙ እጅግ አስቸገራት። የደሟ ውሃ ሲመረመር፥ ደማቸው ኦ ከሆኑ 104 ሰዎች የ80ዎቹን ሕዋሳት አጓጐለ። ከኤ እና ከቢ ሌላ፥ ሴቲቱ የሌላት ባልዋና ፅንስዋ ግን ያላቸው ምልክት እንዳለ በዚህ ታወቀ። በ1940 ላንድስታይነርና አሌክሳንደር ዊነር ከሬሰስ ዝንጀሮ ደም በተዘጋጀ መመርመሪያ የዚህን ምልክት መኖር አረጋገጥን ብለው በዝንጀሮው ስም «አርኤች» አሉት፤ በ1941ም ሌቪን የሕፃናቱ ደዌ ከዚህ እንደሚመጣ አስረዳ። የሌቪን ጥፋት ላገኘው ነገር ስም አለመስጠቱ ነው፤ ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ለብዙ ዓመታት ቈይቷል። የሚያስገርመው፥ የዝንጀሮው ደም ያሳየው ምልክት በሴቲቱ ደም ከተገኘው የተለየ መሆኑ ኋላ ታወቀ፤ ስሙ ግን ተለምዶ ስለ ነበር አልተለወጠም። ስለ ስያሜ ለሚከራከር ሰው፥ የሾተላይ ብቻ ሳይሆን የአርኤች ስምም በስሕተት የተወረሰ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅመዋል።

በአርኤች ዓይነት ውስጥ ካሉት ብዙ ምልክቶች ዋናው ዲ የተባለው ነው። ዲ ያለው ሰው አርኤች ፖዘቲቭ፥ የሌለው ኔጋቲቭ ይባላል። እያንዳንዱ ሰው ከአባቱ አንድ፥ ከእናቱ አንድ፥ ሁለት የውርስ ቅንጣት ይቀበላል፤ ከሁለቱ በአንዱ እንኳ ዲ ካለ ሰውየው ፖዘቲቭ ነው። ስለዚህ ኔጋቲቭ የሚሆነው ከሁለቱም ወላጆቹ ዲ ያልወረሰ ብቻ ነው። በአውሮፓ ሕዝቦች ከመቶ 15 ያህሉ፥ በባስኮች ዘንድ እስከ አንድ ሦስተኛው፥ በምሥራቅ እስያ ግን ከመቶ አንድ የማይሞላው ኔጋቲቭ ነው። በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ስፍራዎች በተደረጉት ምርመራዎች መጠኑ በአብዛኛው ከመቶ ከ5 እስከ 10 ባለው መካከል ይገኛል።

ደዌው የሚነሣው እንዲህ ነው። በእርግዝና ጊዜ የእናትና የፅንስ ደም በእንግዴ ልጁ ተለያይቶ ይኖራል። በወሊድ ሰዓት ግን፥ በውርጃም ጊዜ፥ ሆድ በተመታም ጊዜ፥ ጥቂት የፅንሱ ደም ወደ እናቲቱ ሊገባ ይችላል። እናቲቱ ኔጋቲቭ ፅንሱ ፖዘቲቭ ከሆነ፥ ሰውነቷ ያን የማያውቀውን ምልክት የሚያጠፋ አንቲቦዲ ይሠራል። ይህን ሠርቶ እስኪጨርስ ሳምንታት ስለሚያስፈልጉት የበኵር ልጅ በአብዛኛው ሳይነካ ያመልጣል። በተከታዩ እርግዝና ግን የተዘጋጀው አንቲቦዲ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ የፅንሱን ቀይ ሕዋሳት ያፈርሳል። ደሙ እጅግ ያነሰበት ፅንስ ልቡ ይደክማል፥ ሰውነቱ በውሃ ያብጣል፥ በማሕፀን ይሞታል። በሕይወት ከተወለደም ከፈረሱት ሕዋሳት የሚወጣው ቢሊሩቢን የተባለው ቢጫ ነገር በሰውነቱ ተከማችቶ አንጎሉን ይጐዳል። ቡርዧ ያየቻቸው መንትዮች ሁለቱን መልኮች በአንድ ጊዜ አሳይተው ነበር ማለት ነው። ሰውነት አንድ ጊዜ የተማረውን ይህን ውጊያ አይረሳም፤ ስለዚህ አንቲቦዲው ከተሠራ በኋላ እርግዝናን ለዓመታት ማራራቅ ለእናቲቱ ጤና በሌላ ረገድ ቢጠቅምም ይህን ደዌ አያስቀረውም።

ይሁን እንጂ ኔጋቲቭ መሆን ራሱ ደዌ አይደለም። የደም ዓይነታቸው በኤና በቢ በኩል የሚስማማ ሆኖ አርኤች ፖዘቲቭ ልጅ ከወለዱ ኔጋቲቭ እናቶች መካከል፥ ምንም መድኃኒት ባይሰጥ እንኳ፥ አንቲቦዲ የሚሠሩት ከመቶ 16 ያህል ናቸው። እናቲቱ ኦ ልጁ ኤ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ቍጥሩ ወደ ሁለት ይወርዳል፤ የገባውን የፅንስ ደም ፀረ ኤ የተባለው የእናቲቱ አንቲቦዲ ቀድሞ ስለሚያጠፋው ነው። ይህን የኋለኛውን ነገር ሌቪን በ1943 አስተውሎት ነበር፤ ኋላ መድኃኒቱ ከዚህ ምልከታ ተገኝቷል።

አሁን ወደ ፍርዱ እንመጣለን፤ በባህላዊው አስተሳሰብ ሾተላይ ለምን በሴቲቱ ላይ ብቻ እንደ ተለጠፈ የደም ዓይነት ስሌት በደንብ ያስረዳል። ከመቶ ሰው ስምንቱ ኔጋቲቭ የሆነበትን ሕዝብ እናስብ። በዚህ ሕዝብ ውስጥ ከመቶ ጋብቻ ሰባት ያህሉ ኔጋቲቭ ሚስትና ፖዘቲቭ ባል የተጣመሩበት ይሆናል። ከእነዚህ በአንዱ ቤት ደዌው ተነሥቶ ልጆች ሞቱ እንበል፤ ትዳሩም ፈረሰ። ባልየው ሌላ ሚስት ሲያገባ፥ ያቺ ሴት ፖዘቲቭ የመሆንዋ ዕድል ከመቶ 92 ነው፤ ልጆቹ ይኖራሉ፥ እርሱም በጎረቤት ዐይን ነጻ ይወጣል። የተፈታችው ሴት ሌላ ባል ስታገባ፥ ያም ሰው ፖዘቲቭ የመሆኑ ዕድል እንዲሁ ከመቶ 92 ነው፤ ነገር ግን በእርሷ ደም ውስጥ አንቲቦዲው ከቀድሞው ትዳር ጀምሮ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ለአዲሱ ባል የመጀመሪያው የሆነው ልጅ እንኳ ይሞታል። አንዱ ቍጥር ወንዱን ያጸድቃል፥ ሴቲቱን ይኰንናል። አማትና ጎረቤት «መንፈሱ እርሷን ተከትሎ ሄደ» ሲሉ ያዩትን በትክክል ይመሰክራሉ፤ የሚስቱት ከምስክርነቱ ወደ በደል ሲሸጋገሩ ነው። ፅንሱ ዲ የተባለውን ምልክት የሚወርሰው ከአባቱ ነውና፥ ያለ አባቱ ውርስ ደዌው ጨርሶ አይነሣም። ጉዳዩ የሁለት ሰዎች መገናኘት እንጂ የአንዷ ነውር አይደለም።

የመድኃኒተኞችና የደብተራዎች ዝና ለምን እንደ ጸናም ይኸው ስሌት ያሳያል። በዚያው ሕዝብ ውስጥ ፖዘቲቭ ከሆኑት ወንዶች ከመቶ 44 ያህሉ አንድ የዲ ቅንጣት ብቻ ያላቸው ናቸው። የእንዲህ ዓይነቱ ሰው ልጆች በአማካይ እኩሌቶቹ ኔጋቲቭ ስለሚሆኑ፥ አንቲቦዲ ባላት እናት ማሕፀን እንኳ ሳይነኩ ይወለዳሉ። ሁለት ልጅ ሞቶባት ሦስተኛው ሲቀር ክታብ አስጽፋ የነበረች ሴት፥ ልጁን ያተረፈው ክታቡ ነው ብትል ማን ይፈርድባታል?

ሾተላይና አርኤች አንድ ናቸው ማለት ግን ሌላ ስሕተት ነው። የልጅ ተከታትሎ መሞት ብዙ ምክንያት አለው፥ እያንዳንዱም የራሱ ምልክት አለው። ያልታከመ ቂጥኝ ያለባት ሴት በመጀመሪያ ይጨነግፍባታል፥ ከዚያ ሞቶ ይወለዳል፥ ከዚያም ታሞ ይወለዳል፥ ዓመታት ሲያልፉ ግን ደኅና ልጅ ልትወልድ ትችላለች፤ አካሄዱ ከአርኤች ደዌ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። መንጋጋ ቈልፍ የያዘው ሕፃን ጤነኛ ሆኖ ተወልዶ፥ ጡት ጠብቶ፥ ከሦስት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አፉ ይገጥማል፥ ሰውነቱም ይገተራል፤ ይህም በእትብት አቈራረጥ የሚመጣና በእናቲቱ ክትባት የሚከለከል ነው። እናቲቱ ኦ ልጁ ኤ ወይም ቢ ሲሆንም ቢጫነት ሊመጣ ይችላል፤ ይህኛው በበኵር ልጅም ላይ ይታያል፥ በአብዛኛው ቀላል ነው፥ በብርሃን ሕክምናም ይድናል። የደም ግፊት፥ ስኳር በሽታና የማሕፀን አፍ ድካም ሌሎች ምክንያቶች ናቸው። ሾተላይ የተባለች ሴት ሁሉ የአርኤች ሕመምተኛ ናት ብሎ መደምደም የቂጥኙን ምርመራ ያስቀራል።

በጋብቻ ረገድ የተፈጠረው መደናገር ደግሞ ከቃሉ ከ«ደም» ይጀምራል። በአማራው ባህል ጋብቻ የሚከለከለው እስከ ሰባት ቤት ድረስ ትውልድ እየተቈጠረ ነው፤ የሥጋ ዝምድና በደም ይመሰላል፥ ገዳይና የሟች ወገንም «ደመኛ» ይባባላሉ። ይህ ደም የወገን ምሳሌ ነው፤ ሐኪም በጠብታ የሚመረምረው ደም ግን ሌላ ነገር ነው። የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ሁለቱ ኤና ኦ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጨርሶ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎችም አንድ ዓይነት ደም ይኖራቸዋል። አንዳንድ እጮኛሞች ከሠርግ በፊት ተመርምረው «ደማችን አልገጠመም» በማለት ይለያያሉ፤ ሌሎችም የሁለታቸው ደም አንድ ዓይነት ሲሆን ዘመዳሞች መሆናቸው ይመስላቸዋል። ሁለቱም መሠረት የላቸውም። ኔጋቲቭ ወንድ ፖዘቲቭ ሴት ቢያገባ ምንም የሚያሠጋ ነገር የለም፤ ሁለቱ ኔጋቲቭ ቢሆኑም እንዲሁ። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ኔጋቲቭ ሚስት ፖዘቲቭ ባል ሲኖራት ነው፤ ጥንቃቄውም መድኃኒት እንጂ መለያየት አይደለም።

መድኃኒቱ ፀረ ዲ ይባላል። በ1960ዎቹ በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ሮናልድ ፊንና ሲረል ክላርክ፥ በኒው ዮርክም ቪንሰንት ፍሬዳ፥ ጆን ጎርማንና ዊልያም ፖላክ አንዱ ወገን ከሌላው ሳይማከር ደረሱበት። ክላርክ በትርፍ ጊዜው የቢራቢሮን ውርስ የሚያጠና ሐኪም ነበር፤ ወደ ሰው ደም የመራውም ይኸው ጥናት ነው። አሳቡ እንዲህ ነው፤ የእናቲቱ ሰውነት አንቲቦዲ መሥራት ሳይጀምር፥ ከሌላ ሰው ደም የተወሰደ ዝግጁ አንቲቦዲ በመርፌ ቢሰጣት፥ የገባውን የፅንስ ደም አጥፍቶላት ራሱ በጊዜው ይጠፋል፤ ሰውነቷም እንግዳውን ሳይማር ይቀራል። በመጀመሪያ ጊዜ ደም ከሰጡት መካከል በዚሁ ደዌ ልጆቻቸውን ያጡ ሴቶች ነበሩ። መድኃኒቱ በ1968 በአሜሪካ ተፈቀደ። በእንግሊዝ ከ1969 በፊት ከመቶ ሺህ ወሊድ 46 ሕፃናት በዚህ ደዌ ይሞቱ ነበር፤ በ1990 ወደ 1.6 ወርዷል።

መርፌው ኔጋቲቭ ለሆነች እናት በ28ኛው ሳምንት ገደማ፥ ከወለደችም በኋላ ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፤ ፅንስ ቢወርድ፥ ከማሕፀን ውጭ ቢረገዝ ወይም ሆድ ቢመታም ይሰጣል። አንቲቦዲው አንድ ጊዜ ከተሠራ ግን ምንም አይረዳም። ከባህሉ ጋር ያለው ትልቁ አለመጣጣም በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ሾተላይ የሚታወቀው ልጆች ከሞቱ በኋላ ነው፤ ክታቡም፥ ጠበሉም፥ የሐኪም ቤቱም ጕዞ ከዚያ ይከተላል። መድኃኒቱ ግን የሚፈልገው ገና ምንም ያልደረሰባትን፥ የበኵር ልጅዋን በእቅፏ ይዛ ደስ ያላትን ሴት ነው። በቤትዋ የወለደች፥ የደም ዓይነትዋን ያላወቀች እናት ያ ሦስት ቀን ሳታስተውለው ያልፋል። ለሰው ያልተነገረ የሁለተኛ ወር ውርጃ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይሰወራል፤ በባህሉ ቍጥር እንደ ልጅ አይቈጠርም፥ በኋላም «የመጀመሪያው ልጅ እንኳ ሞተባት» የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ ይህ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ላይ መድኃኒቱ በቅዝቃዜ መቀመጥ ያለበትና ዋጋው ከፍ ያለ መሆኑ ሲጨመር፥ የቤተ ሰብ ዕቅድ ምክር የደም ምርመራን ከመጀመሪያው እርግዝና በፊት ማስቀደም የሚገባው ለምን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ለልጃገረዶች ደም ሲሰጥም ኔጋቲቭ ለሆነችው ፖዘቲቭ ደም እንዳይሰጣት መጠንቀቅ የዚሁ ዕቅድ ክፍል ነው።

አንቲቦዲው የተሠራባት ሴትም ተስፋዋ አልተቈረጠም። ዊልያም ላይሊ በ1963 በኒው ዚላንድ ገና በማሕፀን ላለ ፅንስ ደም ሰጥቷል፤ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ደሙን የመለወጥ ሕክምናም ከዚያ በፊት ጀምሮ አለ። በቅርቡ ደግሞ በእናቲቱ ደም ውስጥ ከሚንሳፈፈው የፅንስ የውርስ ነገር ፅንሱ ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ መሆኑን ማወቅ ተችሏል። በዚህ ምርመራ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። አውሮፓውያን ኔጋቲቭ የሚሆኑት በአብዛኛው የዲ ቅንጣት ጨርሶ ስለሚጐድላቸው ነው፤ በአፍሪካውያን መካከል ግን ቅንጣቱ እያለ ሥራ የማይሠራባቸው ብዙዎች መሆናቸው በ2000 ታትሟል። ለአውሮፓ ብቻ የተዘጋጀ መመርመሪያ እንዲህ ያለውን ኔጋቲቭ ሰው ፖዘቲቭ ብሎ ሊቈጥረው ይችላል።

የሾተላይን ታሪክ በየገጠሩ የሚሰበስቡ ተማሪዎች ይህን ሁሉ ይዘው ቢሄዱ መዝገባቸው ከተለመደው የበለጠ ይጠቅማል። የመንፈሱን ስምና የጸሎቱን ዓይነት መጻፍ ብቻ አይበቃም። ልጆቹ በየትኛው ተራ እንደ ተወለዱ፥ የትኛው በሕይወት እንደ ቀረ፥ የሞተው በስንተኛው ቀን እንደ ሞተ፥ መልኩ ቢጫ እንደ ነበረ ወይም አፉ እንደ ገጠመ፥ አባቱ ከቀደሙት ልጆች አባት ጋር አንድ መሆኑ ወይም አለመሆኑ፥ የቀድሞው ባል ከሌላ ሴት የወለዳቸው ልጆች መኖራቸው መጠየቅ አለበት። ከበኵሩ በፊት የወረደ ፅንስ ኖሮ እንደ ሆነም መጠየቅ ይገባል፤ ይህ ጥያቄ ግን ባልና አማት በሌሉበት፥ ቢቻል በሴት ጠያቂ አፍ ቢቀርብ ይሻላል።